ከአንገት የተቀዳ ጠብታ ምን ይነግረናል?

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ምሳሌ በአገራችን ሲነገር የኖረው በመከራ ላይ መከራ ሲደረብ ነው። ሕዝብ ለምሳሌ የሚመርጠው ዘወትር በዐይኑ የሚያየውን ነገር ስለ ሆነ፥ አባባሉ እንቅርት በመካከላችን ምን ያህል ዘመን እንደ ኖረ ያለ ሌላ ምስክር ይናገራል። ዛሬም ከአዲስ አበባ ወጥቶ በደብረ ብርሃን መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሰንዳፋ የደረሰ ሰው፥ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ከፍ አድርገው የተከናነቡ እናቶችን በመንገድ ላይ ያገኛል። ሁሉንም ያከናነባቸው ብርድ አይደለም፤ ከነጠላው ሥር እብጠት የሚሸሽጉም ይኖራሉ።

ሰንዳፋ እንደ ሰበታ፥ እንደ ቡራዩና እንደ ሱሉልታ ሁሉ አዲስ አበባን ከሚከቡት ከተሞች አንዷ ስትሆን፥ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከእነዚህ ከተሞች ብዙዎቹ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከዋናው ከተማ ሆስፒታሎች ያላቸው ርቀት በአውቶቡስ ሲታሰብ ጥቂት ነው። ነገር ግን በአንገቷ ላይ እብጠት ያየች አንዲት እናት «ይህ ነገር ነቀርሳ ነው ወይስ አይደለም?» ብላ ጠይቃ፥ መልሱን እስክታገኝና ያገኘችውንም መልስ እስክትረዳው ድረስ የምትሄደው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር እጅግ ይረዝማል።

እኛም በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ይህንኑ መልስ ነው። ሐኪም አንገት ሳይቀድ፥ በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ አንዲት ጠብታ ቀድቶ ምን ሊያውቅ ይችላል? ብዙ ሰው መልሱ «አዎን» ወይም «አይደለም» ብቻ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን መልሱ ስድስት ዓይነት ነው፤ ከስድስቱም መካከል ጥርጣሬን በቁጥር ለክተው የሚናገሩ አሉ። ይህንን የተለካ ጥርጣሬ ማንበብ ለሐኪም ብቻ የሚተው ሥራ አለመሆኑን አንባቢያችን በመጨረሻው ይረዳልናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

እጢውና ጨው

ታይሮይድ የሚባለው እጢ በአንገት ፊት፥ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፥ ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ የአየሩን ቧንቧ አቅፎ ይገኛል። በጤነኛ ሰው ክብደቱ 20 ግራም ያህል ቢሆን ነው። ሥራው ግን ከክብደቱ ጋር አይመጣጠንም። ከደም ውስጥ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር እየለቀመ ሆርሞን ይሠራል፤ ይህም ሆርሞን ሰውነት ምግቡን ወደ ሙቀትና ወደ ጉልበት የሚለውጥበትን ፍጥነት ይወስናል፤ የሕፃንም አእምሮ እንዲያድግ ያደርጋል።

አዮዲን በአፈርና በውኃ ካልተገኘ ግን እጢው ያለውን ጥቂት አዮዲን አሟጦ ለመጠቀም ሲል ይገዝፋል። በዝናብ ብዛት አፈሩ በታጠበበት በደጋው አገራችን እንቅርት የበዛው ስለዚህ ነው። በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት በሆኑ ወደ 11,000 የሚጠጉ ሴቶች ላይ በተደረገው ጥናት፥ ከመቶው 35.8 እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። በዚያው ዘመን ከ6 እስከ 12 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ በተደረገው ምርመራም ቁጥሩ ከመቶ ወደ 40 የተጠጋ ነበር።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የጨው ነገር ነው። የአገራችን ጨው ቀድሞ በብዛት ይመጣ የነበረው ከምጽዋና ከአሰብ ሲሆን፥ አዮዲንም ይጨመርበት ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ፤ ጨው ከአፋር ከአፍዴራ ይመጣ ጀመር፤ ያም አዮዲን አልነበረበትም። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የገበታ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤተ ሰብ በ15ቱ ብቻ ሲሆን፥ በ2008 ዓ.ም. ግን በ89ኙ ተገኘ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ጨው ለሚወለደው ልጅ መድኀኒት ቢሆንም፥ ከ30 ዓመት በፊት ያበጠውን የእናቱን አንገት አይመልሰውም። ብዙ ዘመን የቆየ እንቅርትም ውሎ አድሮ እዚህም እዚያም ጓጉሎ እብጠት ያበቅላል። ከእነዚህ እብጠቶች አንዱ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ስሕተቶች

በዓለም የታወቀው ስሌት የሚለው፥ በታይሮይድ ላይ ከሚገኙት 100 እብጠቶች ነቀርሳ ሆነው የሚገኙት ከ7 እስከ 15 የሚደርሱት ናቸው። የቀሩት ጉዳት የሌለባቸው ናቸው። ስለዚህ ሐኪሙ በሁለት ስሕተቶች መካከል ይቆማል። አንደኛው ነቀርሳውን እንቅርት ነው ብሎ መተው ነው። ሁለተኛው እንቅርቱን ነቀርሳ ይሆናል ብሎ መቁረጥ ነው። የመጀመሪያውን ስሕተት ሁሉም ይፈራዋል፤ የሁለተኛውን ጉዳት ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ይህንን ጉዳት ለዓለም ያስታወቀው የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር ነው። ስዊስ እንደ አገራችን ተራራማ ስለ ሆነች እንቅርት የሞላባት አገር ነበረች። ኮኸር በበርን ከተማ እንቅርት በመቁረጥ ጥበብ ወደር አልተገኘለትም፤ በሕይወቱ መጨረሻ ገደማ በእጁ ከታከሙት መካከል የሞቱት ከ1 በመቶ በታች ነበሩ። ነገር ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. አንድ የሚያሳዝን ነገር አስታወቀ። እጢያቸውን ሙሉ በሙሉ ያወጣላቸው ሕመምተኞች ቁስላቸው ከዳነ በኋላ ፊታቸው አብጦ፥ ሰውነታቸው ቀዝቅዞ፥ አሳባቸው ፈዞ፥ ልጆቹም ከማደግ ተገትተው አገኛቸው። እጢው ምን ሥራ እንዳለው በደንብ የታወቀው እንዲህ ባለ ከባድ ዋጋ ነው። ኮኸርም ስለ ታይሮይድ ባደረገው ምርምር በ1909 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ዛሬ እጢው የወጣለት ሰው ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን ክኒን እየዋጠ በደኅና ይኖራል። ግን ክኒኑን ዕድሜውን ሙሉ፥ በየቀኑ መዋጥ አለበት፤ በየጊዜውም ደሙ መመርመር አለበት። በቀዶ ሕክምናው ጊዜም የድምፅ ጅማት እንዳይነካ፥ የደምን ካልሲየም የሚጠብቁት አራቱ ትናንሽ እጢዎች አብረው እንዳይወጡ ያሠጋል። ለአንዲት የሰንዳፋ ገበሬ ሚስት ይህ ሁሉ ቀላል ነገር አይደለም። ክኒኑ ከመድኀኒት ቤቱ በጠፋ ቁጥር የምትጎዳው እርሷ ናት። ነቀርሳ ካለባት ዋጋውን መክፈል ይገባታል፤ ከሌለባት ግን ለምን ትከፍላለች?

በሌላው ወገን ደግሞ የደቡብ ኮሪያ ታሪክ አለ። በዚያ አገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ ጤነኛውን ሰው ሁሉ አንገቱን በአልትራሳውንድ መመርመር ተለመደ። በ2011 የታይሮይድ ነቀርሳ ተገኘባቸው የተባሉት ሰዎች ቁጥር በ1993 ከነበረው 15 እጥፍ ሆነ። በዚህ በሽታ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ግን አልተለወጠም። ይህ ማለት አብዛኞቹ ሳይታወቅባቸው ቢኖሩ ኖሮ ምንም የማያደርጋቸው ትናንሽ ነቀርሳዎች ነበሩ ማለት ነው። እጢያቸው ግን ወጥቷል። እኛ ዘግይቶ በመምጣት የምንጎዳ ሕዝብ ብንሆንም፥ አብዝቶ በመፈለግም ጉዳት እንደሚመጣ ከዚህ እንማራለን።

መርፌውና ጆንያው

በሁለቱ ስሕተቶች መካከል መንገድ የከፈተው ቀጭኑ መርፌ ነው። በመርፌ ቀድቶ መመርመርን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930 በኒውዮርክ ያሉ ሐኪሞች ጽፈውበታል። ለእንቅርት ግን በተለይ ያዋለውና በ1952 ጽፎ ያስታወቀው ሶደርስትረም የተባለ የስዊድን ሐኪም ነው። ስዊድናውያን ለእኛ እንግዶች አይደሉም፤ በ1962 በአዲስ አበባ ከእነርሱ ጋር የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ኋላ የኢትዮጵያ ምግብ ጥናት ኢንስቲትዩት ሆኖ፥ በአገራችን የእንቅርትን ነገር ካጠኑት መሥሪያ ቤቶች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ሥራው እንዲህ ነው። ሕመምተኛዋ በጀርባዋ ተኝታ አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ሐኪሙ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ መርፌ ወደ እብጠቱ ያስገባል፤ አልትራሳውንድ ካለ መርፌው የት እንደ ደረሰ በመስኮቱ እያየ ይመራዋል። ጥቂት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ካንቀሳቀሰው በኋላ ያወጣዋል። በመርፌው ውስጥ የቀረችውን ጠብታ በመስታወት ላይ ተፍቶ፥ በሌላ መስታወት ስስ አድርጎ ይለቀልቃታል። ከመስታወቶቹ አንዳንዱ በአየር ይደርቃል፤ ሌላው ወዲያው በአልኮል ውስጥ ይነከራል። ከዚያ በኋላ ቀለም ይቀባል። ከቀለሞቹም አንዱ የተሰየመው የላሉ ሕዋሳትን አይቶ በሽታ የመለየትን ጥበብ ለዓለም ባስተማረው በግሪካዊው ሐኪም በፓፓኒኮላው ስም ነው።

ይህንን ነገር ለመረዳት የእህል ገበያን ማሰብ ይበቃል። ስንዴ የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን ሁሉ አያራግፍም። በሾለ ባዶ ብረት ጎኑን ወግቶ እፍኝ የማትሞላ እህል ያወጣና በመዳፉ ላይ ዘርግቶ ያያል። ነቀዝ በልቶት እንደ ሆነ፥ እንክርዳድ ተቀላቅሎበት እንደ ሆነ፥ እርጥበት ነክቶት እንደ ሆነ ከዚያች ጥቂት እህል ይፈርዳል። ፓቶሎጂስት የሚባለው ሊቅም በማይክሮስኮፕ ሥር የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የታይሮይድ እጢ የተሠራው ከጥቃቅን ከረጢቶች ነው። በየከረጢቱ ዙሪያ ሕዋሳት ተደርድረዋል፤ በውስጡም ኮሎይድ የሚባል፥ እንደ ማር የሚሳብ ፈሳሽ አለ። በመስታወቱ ላይ ኮሎይዱ በዝቶ፥ ሕዋሳቱም በእኩል መጠን እንደ ማር እንጀራ ተያይዘው ከታዩ ነገሩ ተራ እንቅርት ነው። በጣም የተለመደው የታይሮይድ ነቀርሳ ግን ሌላ መልክ አለው። የሕዋሱ አስኳል ይተልቃል፤ ገረጣ ይላል፤ እንደ ቡና ፍሬ መካከሉ ላይ ስንጥቅ መስመር ይታይበታል፤ አንዳንድ ጊዜም አስኳሉ በውስጡ ክብ ቀዳዳ ያለው ይመስላል። እነዚህ ምልክቶች ተሟልተው ሲገኙ የሠለጠነ ዐይን አይስታቸውም። ችግሩ ምልክቶቹ በግማሽ ሲገኙ ነው።

ስድስቱ መልሶች

ቀድሞ እያንዳንዱ ፓቶሎጂስት ያየውን በራሱ ቃል ይጽፍ ነበር። አንዱ «አጠራጣሪ» ያለውን ሌላው «ያልለየለት» ይለዋል፤ ቀዶ ሐኪሙም ቃሉን እንደ መሰለው ይተረጉመዋል። በዚህ ምክንያት በ2000 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ቤተዝዳ በምትባል ከተማ ሊቃውንት ተሰብስበው አንድ ቋንቋ እንዲኖር መከሩ። የከተማይቱ ስም የመጣው፥ በወንጌል እንደ ተጻፈው መጻጉዕ 38 ዓመት ታምሞ ድኅነትን ሲጠብቅ ከኖረባት ከመጠመቂያይቱ ስም ነው። የተስማሙበትም ሥርዓት የቤተዝዳ ሥርዓት ተባለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ታርሞ 3ኛው እትም የወጣ ሲሆን፥ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች በዚያ እትም የተሰጡት አማካይ ቁጥሮች ናቸው።

1ኛው መልስ «ናሙናው አይበቃም» የሚል ነው። ለመፍረድ ቢያንስ 6 የሕዋስ ስብስቦች፥ በእያንዳንዱም ውስጥ ቢያንስ 10 ሕዋሳት መገኘት አለባቸው። ደም ብቻ ወይም ውኃ ብቻ ከመጣ ሊቁ አይፈርድም። ይህ መልስ «ደኅና ነሽ» ማለት አይደለም። በዚህ ክፍል የተመደቡ እብጠቶች ከ100 ውስጥ 13ቱ ነቀርሳ ሆነው ተገኝተዋል። መድኀኒቱ መርፌውን እንደ ገና መውጋት ነው።

2ኛው «ጉዳት የሌለበት» ነው፤ ነቀርሳ የመሆን ዕድሉ ከመቶ 4 ነው። እብጠቱ መተንፈስን ወይም መዋጥን ካልከለከለ በየጊዜው እየታየ ይቆያል እንጂ አይቆረጥም። 3ኛው «ምንነቱ ያልለየ» ሲሆን ዕድሉ ከመቶ 22 ነው። 4ኛው «የከረጢት ሕዋስ እጢ» ሲሆን ከመቶ 30 ነው። 5ኛው «ነቀርሳን የሚያስጠረጥር» ሲሆን ከመቶ 74 ነው። 6ኛው «ነቀርሳ» ሲሆን ከመቶ 97 ነው። በ6ኛውም እንኳ ቁጥሩ 100 አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ስለ 4ኛው መልስ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሐኪሙ የማያውቀው ዐይኑ ስለ ደከመ ወይም መርፌው ስለ ሳተ አይደለም። ወደ እህሉ ገበያ እንመለስ። ነጋዴው ከጆንያው ያወጣት እህል የስንዴውን ጥራት ትነግረዋለች፤ ጆንያው ከታች ተቀዶ እህሉ እየፈሰሰ እንደ ሆነ ግን ልትነግረው አትችልም። ከታይሮይድ ነቀርሳ አንዱ ዓይነት እንዲህ ያለ ነው። ሕዋሳቱ ጉዳት ከሌለበት እጢ ሕዋሳት አይለዩም። የሚለየው እብጠቱን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ጥሶ መውጣቱ ወይም ወደ ደም ሥር መግባቱ ነው። ይህንን ለማየት ጆንያው ራሱ መምጣት አለበት። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ እብጠቱ ያለበትን አንዱን የእጢውን ክንፍ ብቻ ያወጡና ሽፋኑን ዙሪያውን ይመረምራሉ። አዮዲን በጠፋበት አገር ይህ ዓይነቱ ነቀርሳ ካለበት አገር ይልቅ ድርሻው ከፍ ያለ በመሆኑ፥ ነገሩ ለእኛ አገር በተለይ የሚያሳስብ ነው።

3ኛው መልስ ደግሞ ሐኪሞችን ራሳቸውን የሚያከራክር ነው። አንድን መስታወት ሁለት ሊቃውንት ቢያዩት ከሁሉ ይልቅ የማይስማሙት በዚህ ክፍል ነው። ለሚፈራ ሊቅም መሸሸጊያ እንዳይሆን ሥርዓቱ ገደብ አበጅቶለታል፤ አንድ ላቦራቶሪ ከሚሰጣቸው መልሶች መካከል 3ኛው ከመቶ 10 ባይበልጥ ይመረጣል። ሕመምተኛዋን በተመለከተ የሚደረገው መርፌውን መድገም፥ በአልትራሳውንድ የታየውን መልክ ማመዛዘን፥ እንደ ሁኔታውም አንዱን ክንፍ ማውጣት ወይም ጠብቆ ማየት ነው። በሠለጠኑት አገሮች የሕዋሱን የዘር ቅንጣት መርምሮ ጥርጣሬውን የሚያጠብ ዘዴ አለ፤ ዋጋው ግን ውድ ነው።

ቁጥሩን ስለ ማንበብ

ተማሪዎች አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውሉልን እንፈልጋለን። «ከመቶ 22» ማለት እብጠቱ ከመቶው 22 እጁ ነቀርሳ ሆኗል ማለት አይደለም። ነቀርሳው ገና 22 እጅ አድጓል ማለትም አይደለም። ተመሳሳይ መስታወት ያላቸው 100 ሰዎች ቢሰለፉ 22ቱ ነቀርሳ ያለባቸው፥ 78ቱ የሌለባቸው ሆነው ይገኛሉ ማለት ነው። ሕመምተኛዋ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነች መርፌው ብቻውን አይናገርም፤ ሰልፉ ምን እንደሚመስል ግን ይናገራል።

ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ማወቅም ይጠቅማል። የተቆጠሩት እብጠታቸው ተቆርጦ የተመረመረላቸው ሰዎች ናቸው። «ጉዳት የሌለበት» ተብለው ወደ ቤታቸው የሄዱት ብዙዎቹ አልተቆረጡም፤ የተቆረጡት ሌላ የሚያሳስብ ምልክት የነበራቸው ናቸው። ስለዚህ ከመቶ 4 የተባለው ቁጥር በእውነተኛው ሕዝብ መካከል ከዚህም ያነሰ መሆኑ አይቀርም። ስሙም ቢሆን እንደ ድንጋይ የጸና አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ቀድሞ ነቀርሳ ይባል የነበረ አንድ ዓይነት እብጠት፥ በሽፋኑ ውስጥ ተወስኖ እስካለ ድረስ ሰው እንደማይጎዳ ስለ ታወቀ፥ በልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት ስምምነት ነቀርሳ የሚለው ስም ተነሥቶለታል።

ወረቀቱ ቤት ሲደርስ

እንግዲህ አንዲት የሰንዳፋ እናት በላምበረት ወርዳ፥ ከዚያም ወደ አንዱ ትልቅ ሆስፒታል ተሻግራ፥ ከቀናት በኋላ ውጤቷን ተቀብላ ተመለሰች እንበል። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የሚያነብላት በአዲስ አበባ የሚማር የእኅቷ ልጅ ነው።

«አክስቴ፥ እዚህ ላይ 4 የሚል ቁጥር አለ» ይላታል።

«አራተኛ ደረጃ ደርሷል በለኛ! የጎረቤታችንም ባል እንዲሁ አራተኛ ደረጃ ነው ተብሎ ወር አልቆየም። በል ልጄ፥ በሬውን ሽጠን ገንዘቡን ከምንበትን ጠበሉ ይሻለኛል።»

ይህ ንግግር በአሳባችን ያቀናበርነው ቢሆንም፥ ስሕተቱ ግን ሊደርስ የሚችል ነው። የቤተዝዳ 4 እና የነቀርሳ ደረጃ 4 ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ደረጃ የሚባለው ነቀርሳ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ በሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደ ተሠራጨ የሚነገርበት ነው። የመርፌው 4 ግን ከ100 ሰዎች 70ው ከነቀርሳ ነጻ የሚሆኑበት መልስ ነው። አንድ ዲጂት በትክክል ባለመነበቡ ሴትየዋ ልትድንበት የምትችለውን ሕክምና ትታ ወደ ቤቷ ትገባለች። ደግሞም ነቀርሳው ቢገኝባት እንኳ፥ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ዓይነት በጊዜው ከታከመ አብዛኛው ሕመምተኛ ረጅም ዕድሜ የሚኖርበት ነው።

በተቃራኒውም «1» የሚል ቁጥር ያየ ሰው «መጀመሪያው ላይ ነው፥ ቀላል ነው» ብሎ ሊዘነጋ ይችላል። 1 ማለት ግን ገና ምንም አልታወቀም፥ ተመለሺ ማለት ነው። ከሰንዳፋ እንደ ገና መጥቶ መርፌውን መደገም የአንድ ቀን ሥራ መፍታት፥ የመኪና ኪራይና የምርመራ ዋጋ ስለሚያስከትል፥ ብዙዎች በዚህ ላይ ቢቀሩ አያስደንቅም።

ምን ይደረግ?

ይህንን የሚያነቡ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት በየቤተ ሰባቸው የሐኪም ወረቀት አንባቢዎች መሆናቸውን እናውቃለን። ስለዚህ ጥቂት ነገር እናሳስባቸዋለን። ወረቀቱን ስታነቡ ቁጥሩን ብቻ አትዩ፤ ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን ቃል አንብቡ። ካልገባችሁ «ይህ በመርፌው ምርመራ ስንተኛው መልስ ነው? ቀጥሎ ምን ይደረጋል? መቼስ እንመለስ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ወረቀቱንም አትጣሉ፤ ከዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም እብጠቱን ሲያየው ከቀድሞው ጋር የሚያስተያየው በዚያ ነው። እብጠቱ የጠነከረና ከቦታው የማይነቃነቅ፥ በፍጥነት የሚያድግ፥ ድምፅን የሚያጎረና ወይም በአንገት ጎን ሌሎች እጢዎችን የሚያሳብጥ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሕመምተኛውን ይዛችሁ ሂዱ።

በጤና መሥሪያ ቤት ለሚያገለግሉትም አንድ አሳብ አለን። ሊቁ በየከተማው ሊገኝ አይችልም፤ መስታወቱ ግን መጓዝ ይችላል። በሰንዳፋ፥ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ባሉ የሕክምና ቤቶች መርፌውን በሚገባ የሠለጠነ ባለሙያ ቢወጋና ጠብታውን በትክክል ለቅልቆ በአልኮል ቢያቆይ፥ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በሳጥን ውስጥ የተደረደረው መስታወት እንጂ ሕመምተኛዋ አትሆንም። ከመስታወቱም ጋር የሴትየዋ ዕድሜ፥ የእብጠቱ መጠንና ቦታው፥ በአልትራሳውንድ የታየውም ተጽፎ ቢላክ ሊቁ በጭፍን አይፈርድም። መልሱም ሲመለስ ከእንግሊዝኛው ሥር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሁለት መስመር ቢጨመርበት፥ ማለትም መልሱ ስንተኛው እንደ ሆነ፥ ከ100 ሰዎች ስንቱ ነቀርሳ እንዳለባቸውና ቀጥሎ የሚደረገው ምን እንደ ሆነ ቢጻፍ፥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ ቢሆን እንኳ መርፌው ጥርጣሬን ከዓለም አያጠፋም። ጥርጣሬው ምን ያህል እንደ ሆነ ግን ይነግረናል። «ከመቶ 30 ነው፥ አንዱን ክንፍ አውጥተን እንየው» ተብላ የተነገራትና ነገሩ የገባት እናት፥ «አላውቅም» ተብላ ከተሸኘችው ወይም ሳያስፈልጋት ሙሉ እጢዋን ካጣችው ይልቅ በሕይወቷ ላይ ለመወሰን የተሻለ ሥልጣን አላት። ይህንን ሥልጣን የሚሰጣት ከመስታወቱ ላይ የተነበበው በትክክል ሲነገራት ነው።